የማይነደው ደንጊያና የቤት ባለቤት

እሳት የማይበላው ነገር ለማግኘት ሰው ከጥንት ዘመን ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። ምኞቱም ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣ፥ ደንጊያ ሲሆን እንደ ጥጥ በሚፈተል ነገር ተፈጸመለት። ግሪኮች «አስቤስቶስ» ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የማይጠፋ ማለት ነው። ፕሊኒዮስ የተባለው የሮማ ጸሐፊ፥ በግብር ላይ ያደፈ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ወደ እሳት ተጥሎ፥ በውሃ ከታጠበው ይልቅ ነጥቶ ሲወጣ እንዳየ ጽፏል። እርሱ ግን ነገሩ በህንድ በረሃ የሚበቅል ተክል መስሎት ነበር።

በእንፋሎት የሚሠራ መኪና በተስፋፋ ጊዜ ይህ ደንጊያ ከመደነቂያነት ወደ ገበያ ወጣ። የጋለ ቧንቧ ተሸፈነበት፤ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ የጣራ ክዳንና የግድግዳ ገበታ ሆነ፤ በወለል ንጣፍና በኮርኒስ ቅብ ውስጥም ገባ። አይነድም፥ አይበሰብስም፥ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ታዲያ የቤት ሠሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል?

ጉዳቱ ግን ተሰውሮ አልኖረም። (የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1898 ሉሲ ዲን የተባለች የእንግሊዝ መንግሥት የፋብሪካ ተቆጣጣሪ፥ የዚህ ደንጊያ ብናኝ ሠራተኞችን እንደሚጎዳ በጽሑፍ አስታወቀች። በ1924 በሮችዴል ከተማ በዚሁ ሥራ የኖረች ኔሊ ከርሾው የምትባል ሴት በ33 ዓመቷ ሞተች፤ ዶክተር ዊልያም ኩክም ሳንባዋን በአጉሊ መነጽር ቢመረምረው የደንጊያውን ስባሪ በውስጡ አገኘ። በ1930 ዶክተር ሜርዌዘር 363 ሠራተኞችን የመረመረበትን ጽሑፍ ሲያወጣ፥ ከነዚህ 95ቱ ሳንባቸው ጠባሳ ይዞ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት የፋብሪካውን አቧራ የሚከለክል ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ እንግሊዝ ደንጊያውን ፈጽማ የከለከለችው በ1999 ነው። ከሉሲ ዲን ማስታወቂያ እስከዚያ 101 ዓመት ይሆናል፤ እኔን ከበሽታው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኸ ነው። አለማወቅ ይቅርታ ያሰጣል፤ እያወቁ መሸጥን ግን በምን ስም እንጠራዋለን?

ነገሩ የሠራተኛ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀው በ1960 ነው። ዶክተር ዋግነርና ባልንጀሮቹ በደቡብ አፍሪካ የሳንባን ሽፋን በሚይዝ ነቀርሳ የታመሙ 33 ሰዎችን ነገር ጻፉ፤ ከነዚህም ማዕድኑን ፈጽሞ ያልቆፈሩ፥ በልጅነታቸው በአጠገቡ ብቻ የኖሩ ነበሩባቸው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ፥ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በላይ ተኝቶ የሚነሣ በመሆኑ፥ ሰው ምክንያቱን ከረሳው በኋላ ይደርስበታል።

የቤትን ነገር ካነሣን፥ በአውስትራልያ ዋና ከተማ በካንቤራ የሆነው ሊነገር ይገባዋል። ከ1968 እስከ 1979 አንድ ሥራ ተቋራጭ ቤቱን ከብርድና ከሙቀት ይጠብቃል እያለ፥ ያልተለወሰውን የአስቤስቶስ ብናኝ እንዳለ በሰው ኮርኒስ ላይ በቱቦ ይነፋ ነበር። ከ1,000 የሚበልጡ ቤቶች በዚህ ተሞሉ። ከ1988 እስከ 1993 መንግሥት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አስጠረገ፤ ባለቤቶቹም ቤታችን ነጻ ነው ብለው ልጆች አሳደጉበት። ነገር ግን ብናኙ በግድግዳው ክፍተት ቀርቶ ስለ ተገኘ፥ በ2014 መንግሥት ቤቶቹን ከባለቤቶቻቸው ገዝቶ ለማፍረስ ወሰነ።

እንግዲህ በአሮጌ ቤት የሚኖር ሰው፥ በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ወገኖቻችንም ጭምር፥ ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ አይደንግጥ። ከሲሚንቶ ጋር የተለወሰው ካልተሰበረና ካልተፈረፈረ ብናኙን እምብዛም አይለቅም፤ ስለዚህ ደኅናውን መንካት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ምስማር አይምታበት፥ በመጋዝ አይቁረጠው፥ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍገው። በዓይን አይቶ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልምና፥ ከማደሱ በፊት የሠለጠነ ሰው ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ ያስመርምርለት። መነሣት ካለበትም ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ክፍሉን ዘግቶ፥ ደንጊያውን አርጥቦ፥ በታሸገ ከረጢት ያውጣው። ድንገት ቢሰበር ሰውን ከክፍሉ ማስወጣትና በሩን መዝጋት ይገባል እንጂ፥ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ወይም በተራ የአቧራ መምጠጫ መኪና መምጠጥ ብናኙን በቤቱ ሁሉ መዝራት ነው።

የሥራ ልብስም በቤት ውስጥ አይራገፍ። በፋብሪካው ደጃፍ አልፈው የማያውቁ፥ የባሎቻቸውን ልብስ አራግፈው በማጠባቸው ብቻ በዚሁ በሽታ የሞቱ ሴቶች አሉና።