ጋዜጣው በእጁ የነበረ ሰው ለምን ልብወለድ ጻፈ?

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከጋዜጠኝነት ተነስተው የወንጀልና የስለላ ልብወለድ ደራሲ ስለሆኑ ሰዎች ሲወራ ፈረንጆቹ ቶሎ የሚጠሩት ፍሬድሪክ ፎርሳይትን ነው። ሰውዬው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሮይተርስ ዘጋቢ ሆኖ ፓሪስ ሠርቷል። በ1967 ደግሞ ቢቢሲ ናይጄሪያ ላከው፤ ቢያፍራ የተባለው ግዛት ተገንጥሎ ጦርነት የተነሳበት ጊዜ ነው። እንግሊዝ የናይጄሪያን መንግሥት ትደግፍ ስለነበር ፎርሳይት አየሁ የሚለውና አለቆቹ መስማት የሚፈልጉት አልገጠመም። ሥራውን ለቆ በራሱ ወደ ቢያፍራ ተመለሰ። በኋላ ኪሱ ባዶ ሲሆን ፓሪስ እያለ የሚያውቀውን የደጎልን የግድያ ሴራ ይዞ ልብወለድ ጻፈ። «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» በ1971 ታተመና ሀብታም አደረገው።

የእኛስ? የእኛው በዓሉ ግርማ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በዓሉ የወንጀል ደራሲ ነው እንዴ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «ደራሲው»ን የጻፈ ሰው በአንድ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። ግን የመጨረሻው መጽሐፉ «ኦሮማይ» ስለላ አለበት፣ ሰላይ አደን አለበት፣ ግድያ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣም ውጭ ያሉ አንባቢዎች የተቀበሉት እንደ ትሪለር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፦ ጋዜጣው በእጁ የነበረ ሰው ለምን ልብወለድ ውስጥ ገባ?

መጀመሪያ ሰውዬውን እንወቀው። በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ነው። አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። ሲመለስ ያልነካው የኅትመት ቤት የለም ማለት ይቻላል፦ መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ አዲስ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ። በሁለት ቋንቋ የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደረሰ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የሚጽፍበት ያጣ ሰው አይደለም። በአገሪቱ ምን እንደሚታተም ከሚወስኑት አንዱ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ሁለገቡ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተከፈተ። በጥር ወር አስመራ ላይ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ታወጀ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው እዚያው ነበሩ። ዕቅዱ ድርብ ነበር። አንደኛው ኤርትራን መልሶ ማቋቋም፣ ፋብሪካ ማንቀሳቀስ፣ ሕዝብ ማደራጀት። ሁለተኛው ናቅፋን ይዞ ሻዕቢያን ለመጨረሻ ጊዜ መደምሰስ። ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ሚኒስትሮች፣ ካድሬዎችና ጋዜጠኞች ወደ አስመራ ጎረፉ። በዓሉም ከፕሮፓጋንዳው ክፍል ጋር ሄደ።

ናቅፋ አልተያዘችም። በዚያ ተራራ ላይ ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ ልጅ ወደቀ። ጋዜጣና ሬዲዮ ግን የሚያወሩት ስለ ድል ነው። ወመዘክር ሄዳችሁ የ1974ን አዲስ ዘመን ብታገላብጡ ዘመቻው ሲጀመር ያለውን ፉከራ ታገኛላችሁ። ሲከሽፍ ያለውን ግን ብትፈልጉ አታገኙትም። ዘመቻው ከገጹ ላይ እየቀጠነ እየቀጠነ ይጠፋል።

በዓሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ዜናውን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው፣ እውነቱንም ያየ ነው። ያየውን በዜና መልክ ማውጣት አይታሰብም። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ፤ ያውም በመንግሥቱ ማተሚያ፣ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት።

ታሪኩን ያላነበባችሁ ካላችሁ በአጭሩ፦ ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ አስመራ ይላካል። አዲስ አበባ እጮኛ አለችው። አስመራ ሲደርስ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። በጎን ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ውስጥ ለውስጥ የሚሠራ የስለላ መረብ አለ፣ የደኅንነት ሰዎች ያንን ያድናሉ። መጨረሻ ላይ ናቅፋ አለ። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፣ አንብቡት።

እዚህ ላይ የስለላ ታሪክ ለምን እንደጠቀመው አስቡት። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነት ታሪክ እንግዳ አልነበረም፤ ሌላው ጋዜጠኛ ማሞ ውድነህ እንደ «የኛው ሰው በደማስቆ» ባሉ ትርጉሞቹ የስለላን ጣዕም አስለምዶት ነበር። ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲይዝ ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሚያነበው። በዓሉ በዚያ መንጠልጠል ውስጥ ሌላ ነገር አስገባ። ሰላይ የሚታደንበት ታሪክ አንባቢውን ተራ ሰው የማይገባበት ቦታ ይዞት ይገባል፦ ባለሥልጣናት የሚመክሩበት ክፍል፣ የሚጠጡበት ቤት፣ እርስ በርስ የሚተማሙበት ጓዳ። ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይመረመራል፣ የራሳችን ሰዎችም ጭምር። ዜና ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ችግሩም ከዚያው መጣ። የተመረመሩት ሰዎች ራሳቸውን አወቁ። ስሙ ተቀይሯል፣ ግን አነጋገሩ፣ አረማመዱ፣ ጠባዩ ያው ነው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። የተረፈውን ሰው በድብቅ እየተዋዋሰ አነበበው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ሚስቱና ልጆቹ ጠበቁ። እኛ በከተማው ምሥራቅ በኩል የምንኖር ሰዎች ዛሬ ከመገናኛ ተነስተን በኢምፔሪያል፣ በቦሌ ሚካኤል አድርገን በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ስንወርድ የጭነት መኪናውን እንሳደባለን እንጂ ይህን አናስብም። በወንጀል ልብወለድ መጨረሻው ገጽ ላይ ገዳዩ ይታወቃል። በበዓሉ ጉዳይ መዝገቡ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሥርዓቱ ወደቀ፣ ባለሥልጣናቱ ፍርድ ቤት ቆሙ፣ መጽሐፉ እንደገና በነፃነት ታተመ፤ ሰውዬው የት እንደደረሰ ግን በይፋ አልተነገረም።

አሁን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ሙያዬ ልመለስ። ክፍል ውስጥ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ኦሮማይን እንደ ማስረጃ መጥቀስ እንችላለን?» መልሴ ሁለት ነው።

ለአንዳንዱ ነገር አይቻልም። የትኛው ክፍለ ጦር በየትኛው ቀን የትኛውን ኮረብታ ያዘ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ማን ምን ትእዛዝ ሰጠ ለሚለው ልብወለድ ማስረጃ አይሆንም። ደራሲ ሁለት ሰው አጣብቆ አንድ ገጸ ባሕርይ ያደርጋል፣ የሦስት ወር ነገር በአንድ ምሽት ይጨርሳል። መብቱ ነው። ለዚህ የዘማቾችን ማስታወሻ፣ የሁለቱንም ወገን ሰነድ፣ የተመራማሪዎችን ሥራ ማየት ያስፈልጋል።

ለሌላው ነገር ግን ይቻላል፣ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። ያኔ ካድሬ እንዴት ነበር የሚናገረው? ስብሰባ ላይ ማን ዝም ይላል? ፕሮፓጋንዳ እንዴት ይበሰላል፣ ማን ቅመም ይጨምርበታል? አዲስ አበባ ያለው ሰው አስመራን እንዴት ያያት ነበር? ይህን አዲስ ዘመን አይነግራችሁም። በዓሉ ወጥ ቤቱ ውስጥ ስለነበር ያውቀዋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በዓሉ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረ ሰው ነው፣ ዳር ቆሞ የታዘበ ገለልተኛ አይደለም። መጽሐፉም አስመራን የሚያየው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ዓይን ነው። ከተማዋ ታምራለች፣ ሴቷ ታምራለች፣ ሁለቱም ምስጢር አላቸው። ኤርትራዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ሊሰማው ይችላል፤ ያ ስሜቱም መረጃ ነው። ደራሲውን ስለምንወደው፣ በግፍ ስለጠፋ፣ የጻፈው ሁሉ ያለ ጥያቄ እውነት ይሆናል ማለት አይደለም። ሰውዬውን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ መጽሐፉን መመርመር ሌላ። እሱ ራሱ ጋዜጠኛ ነበርና ይህን የሚቃወም አይመስለኝም።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። በዓሉ ሲሄድ አስመራ ውጭ አገር አልነበረችም። ዛሬ ነች። ከቦሌ ወደ አስመራ የሚደረገው በረራ ከ20 ዓመት በኋላ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲከፈት ሰው በአውሮፕላን ውስጥ ሲያለቅስና ሲጨፍር አይተናል። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ያው በረራ ተቋረጠ። ስለዚህ ለዛሬ ተማሪዎቼ «ኦሮማይ» ከሌላ አገር የተላከ ዘገባ ሆኖ ነው የሚነበበው። ርዕሱም ከዚያው ከተማ የተገኘ ነው። ከጣሊያንኛ ወደ ትግርኛ የገባ ቃል ሆኖ «በቃ፣ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» እንደ ማለት ነው።

ፎርሳይት ከቢያፍራ በሕይወት ተመልሶ በ86 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 አረፈ። እስኪያረጅ ድረስ ስለዚያ ጦርነት ተናግሯል፣ ጽፏል፣ ተከራክሯል፣ ተከራክረውታልም። በዓሉ ይህን ዕድል አላገኘም። «ይህ ገጸ ባሕርይ ማነው? ይህኛው በእውነት የሆነ ነው ወይስ የፈጠርከው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሳያገኝ በአርባዎቹ መጀመሪያ ጠፋ። እኛ የተነጠቅነው ቀጣዮቹን ልብወለዶች ብቻ አይደለም። ምስክሩንም ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በቀይ ኮከብ ጊዜ 20 ዓመቱ የነበረ ወታደር ዛሬ 60ውን አልፏል። በየቤታችን፣ በየሰፈሩ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚት እየኖሩ ዝም ያሉ አባቶች አሉ። ነርስ የነበሩ እናቶች አሉ፣ ሾፌር የነበሩ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ። ጋሼ፣ እትዬ ብላችሁ ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። ስልካችሁ መቅጃ አለው፤ አስፈቅዳችሁ ቅዱ። የት እንደነበሩ፣ ማን አለቃቸው እንደነበር፣ ምን እንደበሉ፣ ሬዲዮው ድል ሲያወራ እነሱ ምን ያዩ እንደነበር ይንገሯችሁ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ልብወለድ መሆን የለበትም፣ ያማረ አማርኛም አያስፈልግም።

«ኦሮማይ»ን ያነበባችሁ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቤታችሁ ውስጥ የ1974 ወሬ ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ለተማሪዎቼም፣ የተናጋሪውን ፈቃድ እያገኘሁ፣ አነብላቸዋለሁ።

መልካም ሰንበት።