ቆጠራ የሚያሳየውና የሚሰውረው፦ የጊልሞቶች ቁጥር ማሽቆልቆል በስቫልባርድና በቢዮርኖያ

የተለመደው ጊልሞትና የብሩኒክ ጊልሞት በኖርዌይ አርክቲክ በስቫልባርድና በቢዮርኖያ ደሴቶች በባሕር ዳር ገደሎች ላይ እየተሰበሰቡ የሚፈለፍሉ፣ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩና በአንድ የመራቢያ ወቅት ከአንድ በላይ ጫጩት የማያሳድጉ የባሕር ወፎች ናቸው። እንቁላላቸውን በባዶ ዓለት ላይ ስለሚጥሉ የሚቆጠር ጎጆ የላቸውም፤ በገደሉ ላይ የሚታየው የወፍ ብዛትም እንደ ሰዓቱና እንደ አየሩ ሁኔታ ይለዋወጣል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች ወሰናቸው በፎቶግራፍ የተለየ ቋሚ የመቁጠሪያ ክፍሎችን መርጠው፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ለተከታታይ ቀናት ይቆጥራሉ።

ድንገተኛ እልቂት በዚህ ዘዴ በግልጽ ይታያል። በባሬንትስ ባሕር ካፔሊን የተባለው ትንሽ ዓሣ በተመናመነ ጊዜ፣ በቢዮርኖያ የነበረው የተለመደው ጊልሞት እ.ኤ.አ. በ1986 ከነበረበት 245,000 ያህል ጥንድ በ1987 ወደ 36,000 ያህል ወርዷል፤ ምግቡ ብዙ ዓይነት የሆነው የብሩኒክ ጊልሞት ግን ያን ያህል አልተጎዳም።

አዝጋሚው ማሽቆልቆል ግን ከቆጣሪ ዓይን ይሰወራል። አንድ ጫጩት አድጎ ለመራባት ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት፣ የዛሬ የጫጩቶች እልቂት በቆጠራ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሞቱ ወላጆችን ስፍራም ገና ያልተራቡ ወፎች ስለሚይዙት ገደሉ ለጊዜው ሙሉ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከቆጠራው ጎን ለጎን የጫጩቶችን የማደግ ዕድልና፣ እግራቸው ላይ ቀለበት በማሰር የወላጆችን በሕይወት የመቆየት መጠን መለካት የግድ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስቫልባርድ ዋና ደሴት በስፒትስበርገን የታየው የብሩኒክ ጊልሞት መቀነስ አራተኛውን መለኪያ፣ የክረምት ጉዞን፣ አስፈላጊ አድርጎታል። ጂኦሎኬተር፣ ማለትም የብርሃንን መጠን እየመዘገበ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት የወፉን ሥፍራ ለማስላት የሚያስችል ጥቂት ግራም የሚመዝን መሣሪያ፣ ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ በአይስላንድና በግሪንላንድ አካባቢ እንደሚከርሙ አሳይቷል። ተመራማሪዎችም መቀነሱን በሰሜን አትላንቲክ ካለው ግዙፍ የውኃ ሽክርክሪት ለውጥ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ የስቫልባርድን ገደል መጠበቅ ብቻውን ጊልሞቱን አያድነውም፤ ወፉ የሚከርምባቸው አገሮች መረጃውንም ጥበቃውንም በጋራ ሊይዙት ይገባል። ገደሉ ባዶ ሆኖ እስኪታይ የሚጠብቅ ክትትል ጉዳቱን ከመመዝገብ አልፎ ሊከላከለው አይችልምና።