የፍሎሪዳን ብርቱካን ማን ጨረሰው?

በአሜሪካ ብርቱካን ሲነሳ ፍሎሪዳ ትነሳለች። የመኪና ታርጋዋ ላይ ሳይቀር ብርቱካን ተስሏል። በ2003/04 የምርት ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) 242 ሚሊዮን ሳጥን ብርቱካን ሰበሰበች። በ2024/25 የሰበሰበችው 12 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አውሎ ነፋሱም፣ እርሻውን የበላው የቤት ግንባታም ድርሻ አላቸው። ትልቁን ጥፋት ያመጣችው ግን ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ተባይ ናት።

የእስያ ሲሊድ ትባላለች። ለጋ ቅጠል ላይ ተለጥፋ ፈሳሹን ትመጣለች። ዛፉን የሚገድለው ግን ይዛው የምትዞረው ባክቴሪያ ነው። የተያዘ ዛፍ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፤ ፍሬው ይጣመማል፣ ይመራል፣ ሳይበስል ይረግፋል። እስከ ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም።

ተባይዋ ፍሎሪዳ ውስጥ የታየችው ሰኔ 1998 ነው። የታየችውም እርሻ ውስጥ ሳይሆን የመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ የብርቱካን ዘመድ በሆነ የጌጥ ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ይህ ቁጥቋጦ በየመደብሩ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ተባይዋ በክንፏ ብቻ አልተጓዘችም፤ ከችግኙ ጋር በመኪና ተጫነች። እስከ መስከረም 2000 ድረስ 31 ካውንቲዎች ገብታ ነበር።

በሽታው የተገኘው ነሐሴ 2005፣ ማያሚ አካባቢ ነው። አንድ ዛፍ ከተያዘ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚቆይ፣ «ተገኘ» ሲባል ቀድሞ ተዛምቷል። የብርቱካን ችግኝ ተባይ በማያስገባ ቤት ውስጥ ብቻ እንዲፈላ ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እንደኔ እንደኔ የታሪኩ ቁም ነገር ያለው በ1998 እና በ2005 መካከል ባሉት ሰባት ዓመታት ነው። ተባይዋን ከምድሪቱ ማጥፋት አይቻል ይሆናል። የችግኝ ንግዱን መቆጣጠር ግን ይቻል ነበር። ገበሬው የከሰረው በነፍሳት ብቻ ሳይሆን በመዘግየትም ነው።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ያው ባክቴሪያ ከትግራይና ከሰሜን ወሎ በተወሰዱ የብርቱካን ናሙናዎች ላይ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2010 አሳውቀዋል። እኛ ዘንድ ችግኝ በአይሱዙ ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ ሲሻገር ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ ካልጠየቅን፣ ነገ የምንጠይቀው የብርቱካን ዋጋ ይሆናል።