«ገና ነኝ፣ ስፌቱ አልተፈታልኝም»

አክስቴ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል በመስኮቱ በኩል ተኝታለች፤ እኔ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ማዶ ካለው አልጋ ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ አንድ ወጣት፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ በሽተኛውን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ሰላም ይላል። ትሕትናው ደስ ይላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለና «እማማ፣ ድነዋል?» አላት።

አክስቴ እጇን ወደ ጎኗ ሰደድ አድርጋ «ኧረ ገና ነኝ ልጄ! ስፌቱ እንኳ አልተፈታልኝም» አለችው።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስፌት ላለበት ሰው ሳቅ ቅጣት ነውና አክስቴ ጎኗን ደግፋ እየቃተተች ሳቀች። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ እሱም ሳቀ። የጠየቃት ስለ ነፍሷ ነበር፣ የመለሰችለት ስለ ሆዷ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ከሁለቱ የተሳሳተ አጣሁ። የተናገሩት አንድ ግስ ነው፤ ዳነ። ከወባ የተነሣም ዳነ ይባላል፣ ከጎርፍ ያመለጠም፣ ከኃጢአት የወጣም። አማርኛ ለነፍስና ለሥጋ ሁለት ቃል አልቆረጠም። አማርኛው የወንጌል ትርጉም ላይም ዐይነ ስውሩ ይድናል፣ ቀራጩም ይድናል። ግሪክኛውም ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ግስ የሚሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም።

የግሱ አባት ግእዙ ድኅነ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው። ከአደጋ አመለጠ፣ ተረፈ፣ በሰላም ተገኘ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ፊደላትን መዋጥ ይወዳል፤ ሲውጥ ግን ዱካቸውን ረጅም «ኣ» አድርጎ ይተወዋል። ስሕተ ሳተ ሆነ፤ ክሕደ ካደ ሆነ፤ ሰሐበ ሳበ ሆነ። ድኅነም በዚሁ መንገድ ዳነ ሆኖ ቀረ። የተዋጠው ኀ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በየቀኑ ከአፋችን በማይጠፋው ቃል ውስጥ እስከ ዛሬ ይተነፍሳል፤ ደኅና።

ነርሷ ጠዋት ጠዋት እየገባች «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሕመሙስ?»

«ሕመሙማ ሌሊቱን ሙሉ ሲገዘግዘኝ ነው ያደረው።»

ከውጭ ለሚሰማው ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ንግግር ነው። ሌሊቱን ስትገዘገዝ ያደረች ሴት እንዴት ደኅና ትሆናለች? እኔም ልጅ ሳለሁ ይሉኝታ ይመስለኝ ነበር። ሥሩን ካዩት ግን ምንም ጠብ የለበትም። ደኅና ማለት ጤነኛ ማለት አልነበረም፤ የተረፈ ማለት ነበር። አክስቴ ያለችው «ተርፌአለሁ፣ ይመስገን» ነው፤ ያመማት ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። «ደኅና እደሪ» ስንል የምንመኘውም ጥሩ እንቅልፍ ብቻ አይደለም፣ ከሌሊቱ ተርፎ መገኘትን ነው። መብራት ባልነበረበት፣ ጅብ ከደጅ በሚያድርበት አገር የተፈጠረ ምኞት መሆኑን አንርሳ።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ልጅ መድኃኒት ነው። በግእዝ መጻሕፍት ቃሉ በብዛት የሚገኘው መዳን ወይም አዳኝ በሚል ፍች ነው። ዛሬ መድኃኒት ቤት በር ላይ የምናነበው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የምንውጠው እሱ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መልአኩ ለእረኞቹ የተወለደላቸውን ሕፃን ሲያስተዋውቅ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ለገና ሲነበብ ስሰማ እረኞቹ በግ ታሞባቸው ነበር ብዬ አስብ ነበር። ይህን የጻፈው ሉቃስ ደግሞ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በተላከው መልእክት ምዕራፍ 4 ባለ መድኃኒት ተብሎ የተጠራው ነው፤ ሐኪም ነበርና።

ቃል ከፍ ብሎ እንደሚኖር ሁሉ ዝቅ ብሎም ይኖራል። የአይጥ መድኃኒት አለ፤ የሚገድል መድኃኒት። «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል የሚያድን ነገር አበላችው ማለት አይደለም። ደኅንነት የሚለውም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ ከስጋት ነጻ መሆን ሆኖ ሳለ፣ «ያ ሰውዬ ደኅንነት ነው» ሲባል ካፌው ውስጥ ያለው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የቃሉ ጥፋት አልለውም፤ ቃሉን የቀጠሩት ሰዎች ሥራ ነው።

ታክሲ ስትሳፈሩ የሚኒባሱን የፊት መስታወት አንድ ጊዜ ልብ በሉት። በአንድ ጥግ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተለጥፏል፤ በሌላው ጥግ የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ አለ፣ ሕጉ ግድ ስለሚል። ሾፌሩ ሁለቱን የለጠፈው ለየብቻ አስቦ ይሆናል፤ አንዱን ለትራፊክ ፖሊስ፣ አንዱን ለራሱ። ቃሎቹ ግን ወንድማማች ናቸው። መድን የመድኅን ታናሽ ነው፤ ኅን በመንገድ ላይ ጥሎ መጣ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በቅርቡ የተስፋፋው የጤና መድኅን ደግሞ የጣለውን ፊደል መልሶ አንሥቷል፣ ምንም እንኳ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ በተሳሳተው ህ ቢጻፍም። ቀበሌ ሄዶ የዓመቱን መዋጮ የሚከፍል ገበሬ የያዘው መታወቂያ ላይ ገብረ መድኅን ከሚለው ስም ጋር አንድ የሆነ ቃል ታትሟል።

ስለ ፊደሉ የምጨቀጭቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ድኅነትና ድኽነት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን። የመጀመሪያው መዳን ነው፣ ከድኅነ የመጣ። ሁለተኛው ድኻ መሆን ነው፣ ከደኸየ የመጣ፣ በኸ የሚጻፍ። ሲነገሩ የሚለዩት በን ነው፤ በድኽነት ን ትጠብቃለች፣ እንደ ልጅነትና እንደ ሰውነት፤ በድኅነት ትላላለች። ሲጻፉ ደግሞ የሚለያቸው ፊደሉ ነበር። ዛሬ ጋዜጣውም ስብከቱም ሁለቱንም «ድህነት» ብሎ ይጽፋቸዋል። አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ «ድህነትን እናጥፋ» የሚል መፈክር ሥር፣ «ድህነት በክርስቶስ ብቻ ነው» የሚል የስብከት ጉባኤ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሁለቱም የለጠፉት በቅን ልብ ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ የሚወጣውን ግን ለእናንተ እተወዋለሁ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው ደከሙበት፤ እሳቸውም ሳይታተም ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ያንን ድልብ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ፊደል ለእነዚህ ሊቃውንት ጌጥ እንዳልነበረ ያውቃል። የቃል የዘር ሐረግ ነበር።

ወደ አልጋው እንመለስ። ጠያቂ ሲመጣ ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጥና «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል፤ ሲወጣ «ጨርሶ ይማርሽ» ይላል። አክስቴ በሁለቱም «አሜን» ትላለች። ማንም ልብ አይለውም እንጂ የተመኙላት ምሕረት ነው፣ ፈውስ አይደለም። ለተራ ማስነጠስ እንኳ «ይማርህ» ነው የምንለው፤ መልሱም «ያኑርህ» ነው። የወለደች ሴት ቤት የሚገባም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ሕመም የኃጢአት ዋጋ ነው የሚል ክፉ አስተሳሰብ እዚህ ውስጥ የሚታየው ሰው ይኖራል። እኔ አይታየኝም። ማስነጠስ ምን ኃጢአት አለበት? የሚታየኝ ሰው በሕይወት የሚያድረው በይገባኛል ሳይሆን በምሕረት ነው የሚል የቆየ ስሜት ነው። ቼክ ላይ፣ የልደት ካርድ ላይ፣ የሱቅ ደረሰኝ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትቀመጠው ዓ.ም. ራሷ ዓመተ ምሕረት ናት። ኪራይ የተጠየቀበትም ዓመት የምሕረት ነው።

ማረም እንደ ዳነ ጉሮሮውን የዋጠ ግስ ነው። ግእዙ ምሕረ፣ በሐመሩ ሐ። አጠገቡ በሃሌታው ሀ የሚጻፍ መሀረ አለ፤ አስተማረ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ሲውጣቸው ተደባለቁ፤ «ተማረ» ብንል ዕውቀት ገበየም ይሆናል፣ ምሕረት አገኘም። እስር ቤት የቆየ ሰው «ተምሮ ወጣ» ሲባል ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የሰሚው ፋንታ ነው። ትግርኛ ግን ሐን በጉሮሮው ስለሚይዝ አይቸገርም፤ መቐለ ላይ መሃረና መሓረ አይምታቱም። እኛ ያለን መለያ ፊደሉ ብቻ ነው፤ ትምህርት በሀ፣ ምሕረት በሐ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሥርወ ቃል ለሰባኪ ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭነቱም ያሳስታል። «ማርያም ማለት የምትምር ማለት ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ፣ አማርኛ ከመጻፉ እጅግ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ከማረ ጋር የተገናኘው በድምፅ ብቻ ነው። ሌላው ሰባኪ ማደንንና ማዳንን አንድ አድርጎ፣ አዳኙ ጌታ ነፍስን እንደ ሚዳቋ ያድናታል ሲል ምእመናኑ አጨበጨቡ። ስብከቱ ላያስከፋ ይችላል፤ ግሶቹ ግን አይዛመዱም። ቋንቋ ራሱ ያስቀመጠልን ሀብት ሳያልቅ የውሸት መጨመር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

በአምስተኛው ቀን የአክስቴ የነፍስ አባት መጡ። መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው አወጡ፤ አክስቴ ከትራሷ ቀና ብላ ተሳለመችና «አባቴ ይፍቱኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ያኔ ነው የሰሞኑ ቀልድ ዞሮ የመጣብኝ። ስፌቱ አልተፈታልኝም ብላ አልነበር? ፈታ የመጣው ከግእዙ ፈትሐ ነው፤ እሱም በሐመሩ ሐ፣ እሱም ጉሮሮውን የዋጠ። ቋጠሮ መፍታት፣ እስረኛ መፍታት፣ ነገር መፍታት። ፍትሕ ከዚያ ነው፣ ለሙት የሚደገመው ፍትሐትም ከዚያ ነው፤ ትዳር ሲፈርስ የምንለው ፍቺም ሳይቀር። ካህኑና የስፌት ክር የሚያወጣው ሐኪም በአንድ ግስ ይሠራሉ።

የጠየቃት ልጅ በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን መዳን የተፈጸመ ነገር ነው፤ ቀኑን የሚያስታውሱም አሉ። አክስቴ ባደገችበት ቤተ ክርስቲያን መዳን በጥምቀት ተጀምሮ በጾም፣ በንስሓ፣ በቁርባን ዕድሜ ልክ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በትክክል ተረድታው ቢሆን ኖሮ እንኳ መልሷ «ገና ነኝ» ከማለት የሚርቅ አይመስለኝም። ይህን ስነግራት «አንተ ደግሞ፣ ሁሉን ነገር መጽሐፍ ታደርገዋለህ» አለችኝና አጥሚቱን ጠየቀች።

ስፌቱ ተፈትቶ ቤቷ ገብታለች። ከሆስፒታል የተሰጣት የወረቀት ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በትልቁ «መድሃኒት» ተብሎ ታትሞበታል፣ በሃሌታው ሀ። ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ የሱቅ ታፔላ የምትጽፉ፣ ልጅ ፊደል የምታስቆጥሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ኃን መልሱለት። ቀለሙም ወረቀቱም የሚፈጀው ያው ነው።