ሐያእ ዝምታ ነውን? ስለ አካላቸው ለልጆቻችን ማን፣ መቼና እንዴት ይንገራቸው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት ተቆጥተው ወደ ኢማማችን ቀረቡ። «ልጄን ትምህርት ቤት ስለ ወር አበባና ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት አስተማሯት። ይህ ነገር እንዴት ይፈቀዳል?» አሉ። ኢማማችን በእርጋታ ካዳመጧቸው በኋላ «እናንተስ ቤት ውስጥ ምን ነግራችኋት ነበር?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ዝም አሉ። አጠገባቸው የተቀመጥነውም ዝም አልን፤ ጥያቄው የሁላችንም ነበርና።

ክርክሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ስዊድን ይህን ትምህርት በትምህርት ቤቶቿ ግዴታ ያደረገችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ደግሞ በ2019 ብዙ ሙስሊም ወላጆች በትምህርት ቤት ደጃፍ ተቃውሞ ወጡ። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ማካተቱን አልተቀበሉም፤ በቂ ምክክር አልተደረገም ሲሉም ቅሬታ አቀረቡ። በ2020 መስከረም አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ስለ ሰዎች ግንኙነት የሚሰጠው ትምህርት ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ወላጅ ልጁ እንዲቀርለት መጠየቅ የሚችለው ከፆታዊ ግንኙነት ትምህርቱ ነው። እዚያም እዚህም የክርክሩ ሥር ሁለት ጥያቄ ነው፦ መቼ? በማንና እንዴት?

ወደ ታሪካችን ስንመለስ ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው።

«መቼ» ለሚለው ሱረቱ‐ኑር 58ኛውንና 59ኛውን አያ እንመልከት። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ልጆች በሦስት ወቅቶች፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዘዋል። ሲደርሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያስፈቅዳሉ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ልጆች በ7 ዓመታቸው በሶላት ይታዘዛሉ፣ በ10 ዓመታቸው መኝታቸው ይለያል። ልብ በሉ፦ ትምህርቱ ደረጃ አለው። ሕፃኑ መጀመሪያ የሚማረው የሰው ገመና ክብር እንዳለው ነው፤ ሌላው እንደ ዕድሜው ይከተላል።

«እንዴት» ለሚለው ሶሓቦች ምስክር ናቸው። ኡሙ ሱለይም (ረዲየላሁ ዐንሃ) ሴት በሕልሟ ፈሳሽ ካየች ትጥበት ግዴታዋ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ጠየቀች። ኡሙ ሰለማ ከሐፍረት የተነሳ ፊቷን ሸፈነች፤ ነቢዩ ግን ሳይቆጡ መለሱ። ዐሊይ (ረዲየላሁ ዐንሁ) የነቢዩ አማች በመሆናቸው ስለ መዚይ ራሳቸው መጠየቅ አፈሩ፤ ሚቅዳድን ልከው አስጠየቁ። ሌላዋ ሴት ደግሞ ከሐይድ በኋላ እንዴት እንደምትጸዳ ስትጠይቅ ነቢዩ በአጭሩ ነገሯት። ዝርዝሩ ስላልገባት እናታችን ዓኢሻ ወደ ራሷ ስባ ለብቻዋ አስረዳቻት። ዓኢሻ የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው።

እነዚህ ሰዎች አፍረዋል። ነገር ግን ያፈረው ሰው መልእክተኛ ላከ፣ ሴቷን ሴት አስረዳቻት፤ ዕውቀቱን የተወ የለም። ሐያእ የአነጋገር አደብ እንጂ የዝምታ ሰበብ አልነበረም።

ዑለሞቻችንም ይህን መንገድ ጠብቀዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሳሊም ኢብን ሱመይር አል‐ሐድረሚ የጻፏትን «ሰፊነቱ‐ነጃ» በአገራችንም የሻፊዒ ፊቅህ ጀማሪዎች ይቀሯታል። ይህች ትንሽ ኪታብ የኢስላምን ማዕዘናት፣ የኢማንን ማዕዘናትና የ«ላ ኢላሀ ኢለላህ»ን ትርጉም እንደጨረሰች ወዲያው የምትገባው ወደ ቡሉግ ምልክቶች ነው፦ 15 ዓመት መሙላት፣ ለወንድም ለሴትም ከ9 ዓመት ጀምሮ ኢሕቲላም፣ ለሴት ከ9 ዓመት ጀምሮ ሐይድ። ከውዱእና ከሶላት በፊት ማለት ነው! ልጁ ሸሪዓ የሚጠይቀው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳያውቅ እንዴት ይሰግዳል፣ እንዴትስ ይጾማል?

ታዲያ ሰንሰለቱ የት ተበጠሰ? በመድረሳችን የምናየውን እንናገር። ብዙ ልጆች ጁዝእ ዐማን ሐፍዘው የፊቅህ ኪታብ ሳይከፍቱ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ደግሞ ይበልጡን የሚቀሩት በወንድ ኡስታዝ ስለሆነ የሐይድ ምዕራፍ ሲደርስ ኡስታዙም ያልፈዋል፣ እሷም አትጠይቅም። እናት «አክስቷ ትነግራታለች» ትላለች፤ አክስት እናቷ የነገረቻት ይመስላታል። ባዶውን ቦታ ስልኩ ይሞላዋል። ስልክ ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም፣ አደብም አያውቅም።

የራሳችንንም ጉድለት አንደብቅ። ኪታቡ ሑክሙን ያስተምራል እንጂ ሕፃን ልጅ ክፉ እጅ ሲነካው ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚናገር በዝርዝር አይነግርም። ይህን የሚያስተምር መምህር ውለታ ውሎልናል። ዚናን እንደ ተራ ምርጫ የሚያቀርብ ትምህርት ሲመጣ ግን መቃወም መብታችንም ግዴታችንም ነው። የምንቃወመውን ለይተን እናውቅ ዘንድ መጀመሪያ የልጃችንን መጽሐፍ ከፍተን እናንብብ፤ ከዚያ መምህሩን እናነጋግር።

መስጂዶቻችንም ለሴት ልጆች ኡስታዛ ይመድቡ። የጦሀራ ደርስ ከቡሉግ በኋላ ሳይሆን ከቡሉግ በፊት ይሰጥ። አባት ለወንድ ልጁ፣ እናት ለሴት ልጇ፣ በራሳቸው አንደበት ይንገሩ።

ያ አባት በማግስቱ ተመልሰው መጡ። «ለእናቷ ነገርኳት፤ ማታ አብረው ተቀምጠው አወሩ» አሉን። ቁጣቸው በርዶ ነበር። ስለ ትምህርት ቤቱ ያላቸው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ መጽሐፉን ይዘው መጥተው ነበር።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።