ልጄን ማን አዘለልኝ?

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ ሲቋቋም፣ የፈረቃ ሥራ ወደ ከተማችን እናቶች ቤት ገባ። ሕፃን ግን ፈረቃ አያውቅም፤ ሌት ተቀን ያለቅሳል።

የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሰጠን ዕረፍት 60 ቀን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 90 ሆነ። ከዚያ በኋላ አንቀልባውን የምትረከበው ጎረቤት ናት።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን በ61ኛው ቀን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ሥራ ገባሁ። ልጄ አፏን ስትፈታ ጎረቤቴን «እማዬ» አለቻት፤ እኔን ግን እንደ ጎረቤቴ ልጆች «እትዬ» አለችኝ! ቡና ላይ ሳቅን፤ ማታ ብቻዬን አለቀስኩ።

እህቶቼ፣ ሕጉ ቀን ይቆጥራል፤ ልጆቻችንን ያዘለችውን ጎረቤት ግን የቆጠራት የለም። እስቲ እኛ በማኅበራችን መዝገብ ስሟን እናስፍር።