ከሱፍ ኮፍያ ወደ ሄልሜት

ስኖውቦርድ የተጀመረው በልጆች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የገና ዕለት ሸርማን ፖፐን የተባለ የሚሺጋን ሰው ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አያይዞ ለልጆቹ መንሸራተቻ ሠራላቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጄክ በርተን ቬርሞንት ውስጥ ቦርድ ሠርቶ መሸጥ ቢጀምርም፣ አብዛኞቹ የስኪ ተራሮች ቦርድ የያዘ ሰው አያስገቡም ነበር። የቬርሞንቱ የስኪ ተራራ ስትራተን በ1983 ሲፈቅድ ትልቅ ወሬ ሆነ። በስኖውቦርደሮች ዘንድ ሄልሜት መናቁ ከዚህ መገፋት የመጣ ይመስለኛል። ወጣቶቹ አለባበሳቸውን ከባሕር ሰርፍና ከስኬትቦርድ ወሰዱ፤ ሄልሜት የስኪ ተወዳዳሪ ዕቃ ነበር። እኔ በምሠራበት የኮሎራዶ ዕቃ ማከራያ የቆዩ ባልደረቦቼ እንደሚነግሩኝ፣ ያኔ ሄልሜት ያጠለቀ ጎረምሳ ፈሪ ይባል ነበር፤ የሱፍ ኮፍያ ይበቃ ነበር።

ታኅሣሥ 31 ቀን 2009 አሜሪካዊው ስኖውቦርደር ኬቨን ፒርስ ለቫንኩቨር ኦሎምፒክ ሲለማመድ ዩታ፣ ፓርክ ሲቲ ላይ ወደቀ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ቢሆንም አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ፤ መራመድን እንደገና መማር ነበረበት። እኩዮቹ ስሙን ቦርዳቸው ላይ ለጥፈው ተወዳደሩ። ልማዱ አስቀድሞም መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ የአሜሪካ የስኪ ማዕከላት ማኅበር እንደመዘገበው ሄልሜት የሚያደርጉት ስኪ ተጫዋቾችና ስኖውቦርደሮች በ2002/03 ከመቶ 25 ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 70 ሆኑ። ኮሎራዶ ውስጥ አዋቂን የሚያስገድድ ሕግ ሳይኖር! ወጣቱን ያሳመነው የሚያደንቃቸውን ሰዎች ሄልሜት አድርገው ማየቱ ነው።

ሄልሜቱ እንዲህ ተለመደ፤ እኔን የሚቆጨኝ ግን የእጅ አንጓ ነው። ቦርድ ላይ ሁለቱም እግሮች ይታሰራሉ። ጀማሪ ሚዛኑን ሲስት እግሩን አንስቶ መርገጥ አይችልም፤ እጁን ዘርግቶ ይወድቃል፣ ክብደቱም አንጓው ላይ ያርፋል። በ2001 የታተመ የኖርዌይ ጥናት 5029 ስኖውቦርደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ የአንጓ መከላከያ በተሰጣቸው 8፣ ባልተሰጣቸው 29 የአንጓ ጉዳት ተመዘገበ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? መከላከያው ግን ጓንት ውስጥ ስለሚደበቅ በታዋቂዎቹ እጅ ላይ የሚያየው የለም፤ እኛም ጋ መደርደሪያው ላይ ይከርማል።

ስለዚህ ጀማሪ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ መከላከያውን አወጣለታለሁ፣ ከላይ እንዲያጠልቀው ሰፋ ያለ ጓንት እጨምርለታለሁ። የመከላከያውን ጠንካራ ሰሌዳ በመዳፉ በኩል አድርጌ አስርለትና ጣቶቹን ጨብጦ እንዲዘረጋ እጠይቀዋለሁ፤ ከደነዘዙ ማሰሪያውን አላላለታለሁ።